ነብሩ ትቶት የሄደው ወይፈን

ደባርቅ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ወደ ተራራው የሚወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቁርሳቸውን የሚበሉት እኔ ጋ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሳይጠይቀኝ አይቀርም፦ "እማማ፣ ነብር አይተው ያውቃሉ?" አላየሁም እላለሁ። ውሸቴን ነው። ግን እውነቱን ከጀመርኩት ፍርፍሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰውየውም መኪናው ያመልጠዋል። እናንተ መኪና የሚያመልጣችሁ ስላልሆናችሁ ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ባል ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉዋ እናቱ ነበረች። ጓዜን ይዤ ስመጣ አባቴ "ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግቢ" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ባሌ አንድም ቀን አላነሱብኝም። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ቤታችን ከደባርቅ በላይ፣ ከቡይት ራስ ወዲህ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ነበር።

ቤቱ የሰፋው ወንድሜ አዳነ ስለሌለ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ጎረምሶች አንዱ እሱ ነበር። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አባቴ በረታችን ውስጥ ያለውን አንድ ጥጃ ለሚካኤል ተሳሉ። "የልጄን ደኅንነት አሰማኝ፤ ይሄ የአንተ ነው" አሉ፣ እኔ እየሰማሁ። ጥጃው አድጎ ወይፈን መሆን ሲጀምር፣ ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር አዳነን በሕይወት አየሁት ብሎ ወሬ አመጣ። አባቴ ያን ቀን ሲስቁ ጥርሳቸው ስንት እንደጎደለ አየሁ።

ስለት ሲሰምር ደስታው አንድ ነገር ነው፣ ፍርሃቱ ሌላ። አባቴ የሰመረ ስለት ካልገባ የሰጠው መልሶ ይወስዳል ብለው ያምኑ ነበር። ለኅዳር ሚካኤል ወይፈኑ ሊታረድ፣ ዘመድ ጎረቤት ሊዘከር ተቆረጠ። እንግዲህ የአዳነ ነፍስ በአባቴ ልብ ውስጥ ከዚያ ወይፈን አንገት ጋር ታሰረች።

እኛ አገር ጫፍ ላይ ዛፍ የለም፤ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል ነው ያለው። የቆላ ነብር የገደለውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል አሉ። የእኛው መስቀያ ስለሌለው የገደለውን እየጎተተ ገደሉ ላይ ወዳለ እርከን ይወርዳል፤ ጅብ እዚያ አይደርስበትም። ጅቦቹ ደግሞ ከሜዳው ወዲያ ያለ ጥልቅ ፈፋ ውስጥ ይውሉ ነበር። አባቴ ስለ እነዚህ አውሬዎች ሲያወሩ ስለ ሰፈር ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። "ነብር ጌታ ነው፣ ብቻውን ይበላል። ጅብ ግን ወገን አለው" ይሉ ነበር። አንድን ጅብ ነብሩ አይፈራውም፤ ሦስት አራት ሆነው ሲመጡበት ግን ምሳውን ትቶ ይነሣል። ቀይ ቀበሮው አይጡን እያደነ ከሁለቱም ራቅ ብሎ ይኖራል። ቁራው ለሁሉም ወሬ ያቀብላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት እድሜ ልካቸውን አብረዋቸው ስለኖሩ ነው። ድሮ ምንሽር ነበራቸው። ምንሽሩን ገበሬ ማኅበሩ ሰብስቦ ለጎረቤታችን ለጋሻው፣ ለሚሊሻው ሰጠው። ጋሻው ከአባቴ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ያዞረው ነበር። ያፍር ነበር መሰለኝ።

በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ምሳ በልተን፣ አባቴ "ነይ ልጄ ባንቺ፣ ወይፈኑን አምጥተን ደጅ እናስረው። ገደል አፍ ላይ አይዋልብን" አሉኝ። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ታች ደቦ ወጥቶ ገብስ ያጭዳል። እኔ ገመድ ያዝኩ፣ እሳቸው በትራቸውንና ከወገባቸው የማትለየውን ካራ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር መውጣት ጀምሮ ነበር። ከብቶቹ ተሰባስበው አንድ ቦታ ቆመዋል፣ ሣር አይነጩም። ወይፈኑ የለም። ከዚያ ገደሉ ላይ የሚውሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጮኹ። ጭላዳ ለሰው እንዲያ አይጮህም። አባቴ ሳይናገሩ መሮጥ ጀመሩ።

ከጫፉ ዝቅ ብሎ አንድ ጠባብ ደልዳላ ቦታ አለ። ወይፈኑ ደንብሮ ወደዚያ ወድቆ የኋላ እግሩ ተሰብሯል። ነብሩ ጉሮሮውን ይዞታል። በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ ነገር ያን ያህል አስቀያሚ ሥራ ሲሠራ አላየሁም። አባቴ በትራቸውን ድንጋይ ላይ እየመቱ ሲጮኹ ነብሩ ቀና ብሎ አያቸው፣ ለቀቀ፣ ወደ ኋላው እየተጎተተ ገደሉ አፍ ላይ ካለ ቋጥኝ ሥር ተኛ። አልሄደም። ጭራው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ወይፈኑ ያቃስታል። አፉ ላይ ደም አረፋ ይላል።

"ነፍስ አለው" አሉ አባቴ። ካራቸውን አወጡ።

"አባዬ፣ ይቆዩ። ነብሩ እኮ እዚያው ነው።"

"ምኑን ልቆይ? ከሞተ በክት ነው። በክት ለሚካኤል ላገባ ነው?"

"ሰው እንጥራ።"

"ሰው እስኪመጣ እሱ ይጠብቀኛል?" ብለው በአገጫቸው ወይፈኑን አሳዩኝ። "ነፍሱ ሳትወጣ ልባርከው። ሥጋው ቋንጣ ሆኖም ቢሆን ለዝክሩ ይደርሳል። አንቺ እዚያው ጫፉ ላይ ሁኚና ጩኺ።"

ነፍስ ያለው ከሆነ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፣ ይበላል። አውሬ ጨርሶ ከገደለው ግን ለክርስቲያን አይሆንም። ይህ በእኛ አገር ማንም የሚያውቀው ነው። ስንቱ ሰው ገደል የገባ በሬ ለመባረክ ሲሮጥ አይቻለሁ። እኔም ያን ሰዓት ነገሩ ትክክል መሰለኝ፤ አባዬ ቶሎ ብለው ባርከውት በወጡ ብዬ ነው የጓጓሁት።

ወረዱ። ዓይናቸውን ከነብሩ ሳይነቅሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ነብሩም ያያቸዋል። ሁለቱ የተስማሙ ይመስሉ ነበር። አባቴ ወይፈኑ አጠገብ ደርሰው ሲንበረከኩ ቁራዎቹ ከላያችን መጮህ ጀመሩ። ወዲያው ከበስተ ግራዬ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የጅብ ድምፅ ሰማሁ። ቀን ነው እኮ። ግን ጉም ሲወርድ ለእነሱ ቀንና ሌት አንድ ነው።

መጀመሪያ አንድ ወጣ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔን ቁብ ሳይሰጡ፣ ወደ ደልዳላው ወረዱ። ወደ አባቴ ግን አልሄዱም። ወደ ነብሩ ነው የሄዱት። ለካ ለእነሱ ባለ ምሳው እሱ ነው፤ አባቴ በመሃል የገባ ሰው ነው። ከወዲያ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቅ ብሎ አየና ነገሩ ሳያምረው ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከሁላችንም አስተዋዩ እሱ ነበር።

ነብሩ ተነሥቶ ቆመ፣ ጥርሱን አሳያቸው። ጅቦቹ በግማሽ ከበቡት። ከኋላው ገደል ነው። በዚያ ጊዜ ነው የነብሩን ዓይን ያየሁት። ጅቦቹን አይቶ ወደ አባቴ ዞረ፤ አባቴን ግን አላየም። ከእግራቸው ሥር ያለውን ስንጥቅ ነው ያየው። ወደ እርከኑ የሚያወርደው መንገድ ያ ብቻ ነው፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ ላይ ተንበርክከዋል።

"አባዬ! መውረጃው ላይ ነዎት! ዘወር ይበሉለት!"

"ወይፈኑ ላይ ነኝ!" አሉኝ ቀና ሳይሉ። አንገቱን ወደ ምሥራቅ ሊያዞሩ እየታገሉ ነበር።

አንዱ ጅብ ዘለለ። ነብሩም ዘለለ። አባቴን ሊበላ አልነበረም፤ በእሳቸው ላይ አልፎ ሊሄድ ነው። ቀኝ ክንዳቸውንና ትከሻቸውን በጥፍሩ ዘነጣጥሎ፣ በስንጥቁ ወረደና ጠፋ። ዓይኔን ሳልጨፍን አመለጠኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጅቦቹ እኔ እየጮህኩ ስመጣ ትንሽ ራቅ አሉ እንጂ አልሄዱም። አባቴ ወይፈኑን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሏል። መቀነቴን ፈትቼ ክንዳቸውን ከላይ አሰርኩት፣ ወዲያው ራሰ።

"ተነሡ አባዬ፣ ልዘልዎት።"

"ካራዋ የታለች?"

"ካራውን ይተዉት!"

"ወይፈኑ ይተነፍሳል፣ ባንቺ። ወንድ ጥሪ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በአገራችን ሴት አታርድም። ዶሮ እንኳ ቢሆን የጎረቤት ወንድ ጠርታ ታሳርዳለች። ሴት ያረደችው ከበክት አይሻልም። ወጣሁና ወደ ሜዳው ዞሬ "ኧረ የወንድ ያለህ!" እያልኩ ጮህኩ። ጉሙ ድምፄን በላው። ደግሜ ጮህኩ። ወንዱ ሁሉ ገብስ አጨዳ ላይ ነው።

ተመልሼ ወረድኩ። "የለም አባዬ። እኔ ልረደው።"

"አንቺ ያረድሽውን ማን ይበላዋል? ሚካኤልስ ምን ይለኛል?"

"እንግዲያው ትተነው እንሂድ። ደምዎ እየፈሰሰ ነው።"

"አዳነስ?" አሉኝ።

ዳግም ወጥቼ ጮህኩ። ዳግም ወረድኩ። አንገታቸው ስር ያለው ጋቢ ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ከወይፈኑ ሆድ አልተነቀለም፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ይጠብቃሉ። ጅቦቹም ተቀምጠው ያንኑ ይጠብቃሉ። የወይፈኑ ትንፋሽ እየራቀ ሲሄድ ካራዋን ከድንጋይ መሃል ፈልጌ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው፣ እጃቸውን በእጄ ሸፈንኩት።

"እጁ የእርስዎ ነው። እኔ ጉልበት ብቻ ነው የማውሰው።"

ጥቂት አሰቡ። "የወይፈኑን አንገት በጉልበትሽ ያዢው" አሉኝ። ከዚያ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ እኔም እጃቸውን ይዤ ጫንኩ። ደሙ ተንፎለፎለ።

"ፈሰሰ" አሉ። "በክት አይደለም።" ፈገግ አሉ እኮ።

አዝዬ ወጣሁ። አባቴ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን የከበዱኝን ያህል የከበደኝ ነገር የለም። ሜዳው ላይ ብዙ ሳንርቅ ከኋላችን የሚቀደድ፣ የሚሰበር ነገር ድምፅ መጣ።

"ጅቦቹ ናቸው?" አሉኝ ጆሮዬ ሥር።

"ቁራ ነው፣ አባዬ። ድንጋይ ከምሬበታለሁ።"

"ደግ አደረግሽ።"

ጋሻው ድምፄን ሰምቶ ኖሮ ማጭዱን ጥሎ፣ ምንሽሩን ይዞ ሲሮጥ መንገድ ላይ አገኘን። አባቴን አየና ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ወደ ጉሙ አንዴ ተኮሰ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ቃሬዛ ሠራ። ሌሎችም ደርሰው እየተቀባበልን ደባርቅ ጤና ጣቢያ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ድሬሰሩ መቀነቴን ሲፈታ ፊቱ ተለወጠ።

"ቁስሉ የሚገድል አልነበረም" አለኝ ወደ ውጭ አውጥቶ። "ደም ነው ያለቀባቸው። ምን አቆያችሁ?"

ወይፈን እየባረክን ነው ልበለው?

ከመንጋቱ በፊት አባቴ ነቁ። "ባንቺ፣ ተባርኳል አይደል?" አሉኝ።

"ተባርኳል አባዬ።"

ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ስለ እርዱ ተከራከሩ። የወንድ እርድ ነው ያለም ነበር፣ የሴት ነው ያለም። ሥጋውን የበላው ጅብ ግን አልጠየቀም። እኔ ይህን ክርክር መስማት ስላቃተኝ ወደ አባቴ የነፍስ አባት፣ ወደ ቄስ ይርዳው ሄድኩ።

"አባ፣ ስለቱ ገብቷል ወይስ አልገባም? የወንድሜ ነገር አስፈራኝ" አልኳቸው።

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "ለመሆኑ ማነው ወይፈኑ የግድ መባረክ አለበት ያለው?" አሉኝ።

"በክት ለሚካኤል አይገባም ብለው ነው።"

"አይገባማ። ማን ይገባል አለ? ግን ልጄ፣ አውሬ የበላው ስለት በሌላ ይተካል። ወይፈን ባይኖር በግ፣ በግ ባይኖር ጧፍ። አባትሽ ወርቁ መጥቶ 'ነብር በላብኝ' ቢለኝ፣ 'አንድ ጧፍ አብራና ሂድ' ብዬ እሸኘው ነበር። ሚካኤል ባለ ዕዳ የሚያሳድድ ጭቃ ሹም ነው እንዴ?" ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ወይፈኑስ በወይፈን ይተካል። አባትሽን አሁን በምን እንተካው?"

አለቀሱ። ቄስ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቤታቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ነው፤ ያን ቀን ጉም ባይኖር ጭሱ ከገደሉ ጫፍ ይታይ ነበር።

አዳነ መጣ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ በእግሩ፣ ከስቶ፣ ጫማው በሲባጎ ታስሮ መጣ። ሰፈሩ እልል አለ። "የወርቁ ስለት ሰመረ፣ ነፍሱን ሰጥቶ ልጁን አመጣ" አሉ። ይህን ሲሉኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩህ አላውቅም ነበር። ወንድሜ ቦታውን አሳዪኝ አለኝና ወሰድኩት። ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ስንጥቁም እርከኑም ፍንትው ብለው ይታያሉ። ለብቻው ወርዶ ቆመ።

"ማን ባረከው?" አለኝ ከታች።

"አባዬ ናቸው። እጁ የእሳቸው ነበር።"

ሲወጣ አጠገቤ ተቀመጠ። "በየትኛው ኅዳር ነው?" አለኝ። ነገርኩት። በጣቱ ጓሳ እየነጨ ቆየ።

"ያን ኅዳር እኔ ጥይት አልሰማሁም፣ እታለም" አለኝ። "ከግንባር አውጥተውን ዱቄት መጋዘን ነበር የምጠብቀው። እየበላሁ፣ እየተኛሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መከራ አይቻለሁ። ያን ኅዳር ግን ወፍሬ ነበር።"

ታች እርከኑ ላይ አንድ የበለዘ አጥንት አለ፤ የጭላዳ ይሁን የበግ አይለይም። አዳነ አየውና "ነብሩ እስካሁን አለ ማለት ነው?" አለኝ። "እሱ ወይም ልጁ" አልኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነብሩን አልረገምኩትም። ይልቅ አስበዋለሁ። ወይፈኑን የጣለው እሱ ነው፤ ሥራው ነው፣ ምሳው ነው። ጅቦቹ ሲበዙበት ግን አንዴ አያቸው፣ መንገዱን አየ፣ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ሌላ አድኗል። ጅቦቹም ቢሆኑ የእኔን ጩኸት ሲሰሙ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ቀበሮው ጭራሽ አልቀረበም። በዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ ከነበርነው ሁሉ መተው ያላወቅነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። መተው ክህደት መሰለን። "አዳነስ?" ሲሉኝ፣ አዳነን የሚጠብቀው ወይፈኑ አይደለም፣ ይተዉት ብዬ አዝዬ መሮጥ ነበረብኝ። ይህን የማውቀው ግን ዛሬ ነው፤ ያን ቀን እኔም እንደ እሳቸው አምን ነበር።

ዛሬ ሰው ትልቅ ነገር ተስሎ ጨንቆት ሲመጣ ይህን እነግረዋለሁ። ቄስህን ጠይቅ እለዋለሁ፤ አፍ ያለው ሰው እያለ ብቻህን አትጨነቅ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ የአሮጊት ወሬ ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል።

አዳነ ዛሬም አብሮኝ አለ፣ ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። ለኅዳር ሚካኤል ሥጋ አይበላም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እኔ በበዓሉ ማለዳ አንድ ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ። ቄስ ይርዳው አርፈዋል፣ በቦታቸው ልጃቸው ነው የሚቀድሰው፤ ጧፉን ሲቀበለኝ "ይህ ብቻ ነው እማማ?" ይለኛል። "ይበቃል" እለዋለሁ። ያን ቀንም ይበቃ ነበር።